የአያቴን የዋንዛ ሣጥን ለልጄ ማደስ እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?

የደሴዋ — ኅዳር 3 ቀን 2017

ሰላም እንዴት ናችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት፣ ትንሽ ይረዝማል።

እማማ (የእናቴ እናት) ያረፈችው አምና በፍልሰታ ጾም ነው። ከማረፏ በፊት ልጄን ጠቁማ «ሣጥኔ የዚህች ነው» ብላ ነበር። ልጄ አሁን 7 ዓመቷ ነው። ሣጥኑ ባለፈው ወር ከደሴ በአይሱዙ ተጭኖ አዲስ አበባ ደረሰልኝ።

እማማ በ1948 ስትዳር ነው የተሠራላት። እንጨቱ ዋንዛ ነው። ርዝመቱ 92 ሴንቲ፣ ስፋቱ 46፣ ቁመቱ 44። ጠርዝ ጠርዙ በቆርቆሮ ተለብጦ በትንንሽ ሚስማር ተመትቷል። ቆርቆሮው ዝጓል፣ አንዱ ጥግ ተገንጥሏል። ከኋላ ካሉት ሁለት ማጠፊያዎች አንዱ ተሰብሯል፣ ክዳኑ ሲከፈት ወደ ግራ ይዘማል። ውጪውን አንድ ሰሞን አረንጓዴ ቀብተውታል፣ እሱም እየተላጠ ነው። ከሥሩ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህሉ ብስ ብሶች አሉ። ክዳኑ ከውስጥ በኩል በጋዜጣ ተለጥፏል።

ሲከፈት አሪቲ፣ ናፍታሊንና የቆየ ጋቢ ይሸታል። ያ ሽታ ሲመጣብኝ እማማ ትታየኛለች። ቁልፉን መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጥራ ነበር የምትይዘው። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትፈታዋለች፣ ከፍታ ከረሜላ ትሰጠናለች፣ መልሳ ትቋጥረዋለች። አሁን ቁልፉ የለም። ጓጉንቸሩ ተሰብሮ ነው የተከፈተው።

ሠፈራችን ላለ አናጢ አሳየሁት። «ልጌ፣ ጋዜጣውን አንስቼ፣ ቨርኒሽ ቀብቼ አዲስ አደርግልሻለሁ» አለኝ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ግን «አዲስ» ሲለኝ ሆዴ አልተቀበለውም። ልጄ ልብሷንና መጽሐፏን የምታስቀምጥበት ዕቃ እንዲሆን እፈልጋለሁ፣ ሳሎን ላይ ለእንግዳ የሚታይ ነገር አይደለም። የእማማነቱም እንዳይጠፋ እፈልጋለሁ። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ?

የእንጨት ሰው — ኅዳር 3

እህቴ፣ መላጊያ አታስነኪው።

እኔ በአናጢነት 31 ዓመቴ ነው። ዋንዛ እንደ ብዙው እንጨት ሲቆይ ቀለሙ ይጠልቃል። ያ ጥልቀት ያለው ላዩ ላይ ነው። አንድ ሚሊ ከላጥሽው ከሥሩ የሚወጣው ትናንት ከመሰንጠቂያ የመጣ የሚመስል ነጣ ያለ እንጨት ነው። የ70 ዓመቱን ቀለም የሚመልስ ቨርኒሽ ደግሞ እስካሁን አልገጠመኝም።

መጀመሪያ ብስ ብሶቹን እንይ። ከሣጥኑ ሥር ጥቁር ወረቀት ወይም ጥቁር ፌስታል አንጥፊና ሁለት ሳምንት አታንቀሳቅሺው። እንደ ዱቄት ያለ ብናኝ ከወረደ ነቀዙ በሕይወት አለ ማለት ነው። ካልወረደ የድሮ ቀዳዳ ነው፣ ተይው። ካለ ግን ቀለም ቤት የእንጨት ነቀዝ መድኃኒት ይሸጣል። በመርፌ ሲሪንጅ ቀዳዳ በቀዳዳ ትሰጪዋለሽ። ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ ደጅ ይቆያል፣ ልጅ አይጠጋውም። ላምባ የሚቀቡ ሰዎች አሉ። እኔ አልመክርም፣ ሽታውም አይለቅ፣ እሳትም ይስባል።

ማጠፊያውን በተመለከተ፣ ብሎኖቹን በካቻቢቴ ቀስ ብለሽ አውጪ። ቀዳዳው ሰፍቶ ብሎን አልይዝ ካለሽ ትልቅ ብሎን አትፈልጊ፣ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል። የክብሪት እንጨት በኮላ ነክረሽ ቀዳዳው ውስጥ ሙይውና ሲደርቅ ያንኑ ብሎን መልሺው። ጥግ ጥጉን አይተሽ ንገሪኝ። እንደ ጣት የተጠላለፈ ጥርስ ካለው ጥሩ እጅ ነው የሠራው፣ ሚስማር እንዳትጨምሪበት።

ሁለት ልጆች አሉኝ — ኅዳር 4

የማደሱን ጉዳይ ለባለሙያው ትቼ ስለ ልጅሽ ልናገር። ጤና ላይ ነው የምሠራው።

አንደኛ፣ አሮጌ ሣጥን ወለሉ ላይ ነጭ ወይም አመድማ ዱቄት ካለው በባዶ እጅሽ አትጥረጊ። ድሮ ለወባ ቤት ለቤት የሚረጨው ዲዲቲ ለትኋንና ለቁንጫም በየሣጥኑ ይነሰነስ ነበር። ዲዲቲ ደግሞ ቶሎ የሚበሰብስ ነገር አይደለም፣ ለብዙ ዓመት ይቆያል። ማስክና ጓንት አድርጊ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ፣ ጨርቁን በፌስታል ቋጥረሽ ጣይ። በመጥረጊያ ከሆነ ታበኚዋለሽ።

ሁለተኛ፣ አረንጓዴው ቀለም። የድሮ የዘይት ቀለሞች ሊድ የሚባል ከባድ ብረት ይገባባቸው ነበር። ሊድ የልጅን አእምሮ ይጎዳል፣ መጠኑ ትንሽም ቢሆን። በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ከፈገፈግሽው አቧራው ምንጣፉ ላይ፣ ከዚያ እጇ ላይ፣ ከዚያ አፏ ውስጥ ነው የሚገባው። እየተላጠ ያለውን እንዲሁ መተውም አይሆንም። ደጅ አውጥታችሁ በቀለም ማስለቀቂያ አለስልሱትና በእርጥቡ ይላቀቅ።

ሦስተኛው ክዳኑ ነው። የዋንዛ ክዳን ከባድ ነው። የ7 ዓመት ልጅ ጣት ላይ ሲወድቅ አስቢው። ኩሽና ካቢኔ ላይ የሚገጠመው ቀስ ብሎ የሚዘጋ ክንድ አለ፣ በሁለቱም በኩል አስገጥሚ። ሲዘጋ በራሱ የሚቆለፍ ነገር ፈጽሞ አይኑርበት። ልጆች ድብብቆሽ ሲጫወቱ ሣጥን ውስጥ ይገባሉ። ክዳኑ ሲዘጋ አየር የሚያስገባ ክፍተት መኖሩን በእጅሽ ዳስሰሽ አረጋግጪ።

ሮዝ አበባ — ኅዳር 4

እኔ የአክስቴን ሣጥን ለልጄ ሮዝ ቀባሁላት። በጣም ወደደችው፣ በየቀኑ ትከፍተዋለች። ልጅ ካልወደደው ጥግ ላይ ቆሞ ይቀራል። እኔ ብሆን የምጠይቀው ልጅሽን ነው።

የደሴዋ — ኅዳር 4

እናመሰግናለን ሁላችሁም። ዱቄቱን በተመለከተ ደነገጥኩ፣ እውነትም ጥጉ ላይ አመድማ ነገር አለ። ልጄን ከክፍሉ አውጥቻታለሁ።

ሮዝ አበባ፣ እንዳልሽው ጠየቅኳት። ምን ዓይነት እንዲሆን ትፈልጊያለሽ ስላት ስለ ቀለም ምንም አላለችም። «ሽታው እንዳይሄድ» አለችኝ።

ጥግ ጥጉ የተጠላለፈ ጥርስ ነው።

ከከሚሴ — ኅዳር 5

ይህን ሳነብ የኛ ቤት ሣጥን ትዝ አለኝ። አያቴ በዒድ ዋዜማ ብቻ ነበር የምትከፍተው። እኛ ልጆቹ ተደርድረን እንቀመጣለን፣ አዲሱ ልብስ ከዚያ ነው የሚወጣው። ሣጥኑ አሁን ታናሽ እህቴ ጋ ነው። ለሽታው ናፍታሊኑን ተይው፣ ለልጅም ለጤናም ጥሩ አይደለም። የደረቀ አሪቲ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥረሽ ጥግ ጥጉ ላይ አድርጊ። የሻገተ ሽታ ካለ መጀመሪያ ከሰል በሰሃን አድርገሽ ሳምንት ዝጊበት፣ ይስበዋል።

ሲልቨር ስፕሪንግ — ኅዳር 6

ወንድም ወይም እህት ውጭ ካለሽ ይህ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርምና የደረሰብኝን ልንገርሽ። የእናቴን ሣጥን ሜሪላንድ ላምጣ ብዬ ነበር። አየር መንገዶች በአብዛኛው ለአንድ ሻንጣ የሚፈቅዱት ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ተደምሮ 158 ሴንቲ ነው፣ ክብደቱ ደግሞ 23 ኪሎ። ያንቺን ደምሬዋለሁ፣ 182 ነው። ባዶውንም ከ23 ኪሎ ላይወርድ ይችላል።

ሌላው የቅርስ ጉዳይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ያረጀ ዕቃ ይዘሽ ስትሄጂ ከቅርስ ባለሥልጣን አስመርምረሽ ወረቀት መያዝ አለብሽ። እኔ ሣጥኑ ውስጥ የነበረ የብራና ዳዊትም ነበረኝ። እሱን ጭራሽ አላሰብኩትም፣ እናቴ ትሳለም ለነበረው ደብር ሰጠነው።

በመጨረሻ ሣጥኑ እህቴ ጋ አዲስ አበባ ቀረ። እኔ የመጣሁት በጋቢዋ ብቻ ነው። ልጆቼ ክረምት ሲሄዱ ከፍተው ያዩታል። መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር፣ አሁን ግን የሚሄዱበት አንድ ተጨማሪ ምክንያት ሆኗቸዋል።

የደሴዋ — ኅዳር 18

ሁለት ሳምንቱ አለፈ። ጥቁሩ ወረቀት ላይ ምንም አልወረደም! ነቀዙ የድሮ ነው።

ውስጡን በማስክና በጓንት አጽድቻለሁ። ከውስጡ የወጣውን ልንገራችሁ፦ ሁለት ጥልፍ ቀሚስ፣ አንድ ጋቢ፣ የአያቴ (የባሏ) በርኖስ፣ የድሮ የመሬት ግብር ደረሰኞች በክር ታስረው፣ ሦስት ጠገራ ብር፣ አንድ የጃንሆይ ምስል ያለበት የወረቀት ብር። በርኖሱን ብል በልቶታል። ጋቢው ግን ደህና ነው፣ እጥፋቱ ላይ ብቻ ቢጫ መስመር ይዟል።

አሁን የጨነቀኝ ጋዜጣው ነው። አዲስ ዘመን ነው፣ የግንቦት 1955። የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ የተሰበሰቡ ጊዜ። ከፊሉ ተቦጭቋል፣ ከፊሉ አቧራና ጥላሸት ጠጥቷል። እንዳነሳው ልቤ አይፈቅድም፣ እንደተወው ደግሞ ልጄ በነካችው ቁጥር ይረግፋል።

የመዝገብ ቤት — ኅዳር 18

እኔ አሮጌ ሰነድ ላይ ነው የምሠራው። ከጋዜጣው በፊት ስለ ሌሎቹ ፈጠን ብዬ ልበል።

ደረሰኞቹን ላሚኔት አታስደርጊ፣ እባክሽ። ብዙ ሰው ለመጠበቅ ብሎ ያደርገዋል፣ ሙቀቱና ፕላስቲኩ ግን ወረቀቱን ይገድለዋል፣ መልሶም አይላቀቅም። ፎቶ አንሺያቸው፣ በንጹሕ ነጭ ወረቀት መሐል አኑሪያቸው። ከየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት የነበረውን ይዞታ የሚያሳይ ወረቀት ለቤተሰብ ታሪክ ትልቅ ነገር ነው። ጠገራው ላይ 1780 ተብሎ ተጽፎ ታገኚዋለሽ። ያ የአውሮፓ ዓመት ነው፣ የተሠራበት ዓመት ነው ብለሽ ግን አትያዢው። ምስሏ ያለበት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ትሬዛ ከሞተች በኋላ የተመቱት ሁሉ ያንኑ ቁጥር ይዘው ነው የወጡት። አታስወልውይው፣ አታስቀልጪው።

ብል የሚወደው ሱፍ ነው፣ ለዚህ ነው ጋቢውን ትቶ በርኖሱን የበላው። በርኖሱን በፌስታል ጥቅልል አድርገሽ፣ አየር እንዳይገባው ዘግተሽ፣ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አኑሪው። እንቁላሉም ይሞታል። ጋቢው ደግሞ በድሮው እጥፋት አይታጠፍ፣ ሌላ ቦታ ላይ እጠፊው። እንጨቱ በቀጥታ እንዳይነካው የታጠበ አቡጀዲ አንጥፊለት።

አሁን ጋዜጣው። ያን ጊዜ ሰው ጋዜጣ የሚለጥፈው በዱቄት ሙጫ ነበር። ዱቄት ሙጫ በእርጥበት ይለቃል። መጀመሪያ ክዳኑን በሙሉ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሺ። ከዚያ የማይታይ አንድ ጥግ ምረጪ። ጨርቅ በለብ ያለ ውኃ ነክረሽ በደንብ ጭመቂው፣ 10 ደቂቃ ደግፈሽ ያዢበት። በጥፍር ሳይሆን በቀጭን የቀርከሃ ስንጥር ቀስ አድርገሽ ግፊው። ከለቀቀ ትቀጥያለሽ። ቀለሙ ከፈሰሰ ወዲያው አቁሚ። አንዳንዴ ከጋዜጣ ሥር ሌላ ነገር ይኖራል፣ ስለዚህ አትቸኩዪ።

የእንጨት ሰው — ኅዳር 19

እኔም ከዚህ ሰው ተምሬያለሁ። እስከ ዛሬ ጋዜጣ ሲገጥመኝ ፈግፍጌ ነበር የማነሳው።

ቆርቆሮውን ለመጨረስ፦ ጨርቅ በአቼቶ ነክረሽ ዝገቱ ላይ አኑሪ፣ በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ አሺው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ፣ ወዲያው አድርቂ። አቼቶው እንጨቱ ላይ እንዳይፈስ፣ ከዝገት ጋር ሆኖ ያጠቁረዋል። የተገነጠለውን ጥግ ምን አለሽ ተራ ውሰጂው። እዚያ ከበርሜል ላሜራ ዕቃ የሚሠሩት ልጆች በግማሽ ሰዓት ቀጥቅጠው ያመጡልሻል። አዲስ ቆርቆሮ እንዲቀይሩልሽ አትፍቀጂ፣ ያንኑ ያቃኑት።

የደሴዋ — ታኅሣሥ 2

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም፣ ግን እናንተ ናችሁ እዚህ ያደረሳችሁኝ።

ጥጉን ሞከርኩ፣ ለቀቀ። ቅዳሜ ከሰዓት ከእናቴ ጋር ተቀምጠን ቀጠልን። መዳፍ የሚያህል ቦታ ነበር በአንድ ጊዜ የምናነሳው። ከቀኝ ጥግ አንድ ስንዝር ያህል ስንገባ እንጨቱ ላይ ጽሑፍ አየን። በእርሳስ ነው። የአያቴ የእጅ ጽሑፍ ነው፣ እናቴ አወቀችው፣ ቄስ ትምህርት ቤት የተማረ የሰው እጅ፣ ፊደሉ ቀጥ ቀጥ ያለ።

ሦስት መስመር ነው።

ወንድ፣ ኅዳር 12 ሚካኤል፣ 1949
ሴት፣ ግንቦት 21 ማርያም፣ 1951
ወንድ፣ ጥር 7 ሥላሴ፣ 1954

ሁለተኛዋ ትልቋ አክስቴ ናት። ሦስተኛው አጎቴ ነው። የመጀመሪያውን አናውቀውም። እኛ ቤት የበኩር ልጅ አክስቴ ናት ተብሎ ነው ያደግነው።

እናቴ ስልክ አንስታ ደሴ ደወለች። አክስቴ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «አዎ፣ ከእኔ በፊት ነበረ። ኩፍኝ ነው የወሰደው። እናታችን በአፏ አንስታው አታውቅም፣ እኔ የሰማሁት ከጎረቤት ነው» አለች። ጋዜጣው ለምን እንደተለጠፈበት ጠየቅናት። ክዳኑ ተሰንጥቆ አቧራ ያስገባ ስለነበር ነው አለች። ስንጥቁ እውነትም አለ። ጽሑፉ ካለበት ግን በሌላኛው በኩል ነው።

እናቴ የተወለደችው በ1960 ነው። ያኔ ክዳኑ ተሸፍኗል። እሷም፣ ከእሷ በታች ያለው አጎቴም አልተጻፉም።

ሁለት ልጆች አሉኝ — ታኅሣሥ 2

እህቴ ነፍሱን ይማር። እማማንም ነፍስ ይማር። አነበብኩት፣ ለባለቤቴም አነበብኩለት።

የመዝገብ ቤት — ታኅሣሥ 3

ነፍስ ይማር። እርሳስ በመሆኑ ነው የተረፈው። እርሳስ ውኃ አይፈራም፣ ቀለም ቢሆን ኖሮ ከሙጫው ጋር ይወርድ ነበር።

እባክሽ ክዳኑ ላይ ምንም አትቀቢ። ሰምም፣ ቨርኒሽም፣ ዘይትም። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ብቻ አንሺ። ያነሳችሁትን ጋዜጣ በሁለት ንጹሕ ጨርቅ መሐል ጠፍጣፋ አድርጋችሁ አድርቁት፣ አትጣሉት። ግራ በኩል ያልተነሳ ካለ ይቅር። ስለ ቤታችሁ የሚናገረው እሱም ነው።

የእንጨት ሰው — ታኅሣሥ 3

ክዳኑን ከውስጥ አትንኪው፣ ልክ ነው። ለውጪው የምሰጥሽ የሰም ቅባት ነው። ንጹሕ ሰም አንድ እጅ፣ አኳራጅ ሁለት እጅ በሚዛን። ሰሙን በቀጥታ እሳት ላይ ሳይሆን ውኃ የፈላበት ድስት ውስጥ ሌላ ዕቃ አስቀምጠሽ አቅልጪው። አኳራጁን የምትጨምሪው ከእሳቱ አርቀሽ ነው፣ ደጅ ሆነሽ። ጧፍ እንዳትጠቀሚ፣ የዛሬው ሁሉ ንጹሕ ሰም አይደለም። በጨርቅ ስስ አድርገሽ ቀቢ፣ ሲደርቅ በሱፍ ጨርቅ ወልውዪው።

የተልባ ዘይት የሚመርጥም አለ፣ ጥሩ ነው። ነገር ግን ዘይቱን የጠጣ ጨርቅ ተጨማዶ ከተቀመጠ በራሱ ይሞቃል፣ እሳት ሊያነሳ ይችላል። ዘርግታችሁ ደጅ አድርቁት። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰውም ስለሚያነበው ነው።

ሮዝ አበባ — ታኅሣሥ 4

እኔ ሳልቀባ በፊት የክዳኑን ውስጥ አላየሁትም ነበር። ዛሬ ሄጄ አየሁት፣ ደግነቱ ውስጡን አልቀባሁትም። ምንም ጽሑፍ የለበትም፣ የአክስቴ የፎቶ ቅሪት ግን ጥጉ ላይ አለ። እዚያው እንዲቀር አደርጋለሁ።

የደሴዋ — ጥር 9

አለቀ። ውጪው ቀለም ተላቋል፣ ስንጥቆቹ ውስጥ ብቻ አረንጓዴ ቀርቷል፣ ተውነው። ጥጉ ተቃንቷል። ማጠፊያው በክብሪት እንጨቱ ዘዴ ጥርቅም ብሎ ይዟል። ክንዶቹን ሠፈራችን ያለው አናጢ ገጠመልን። ጽሑፉን ሲያይ ቆብ አውልቆ ቆመ፣ ከዚያ መሣሪያውን አስቀምጦ በእጁ ብቻ ሠራ። ጓጉንቸር አላደረግንበትም።

ለጥምቀት አክስቴ ከደሴ መጥታለች። የመጀመሪያውን መስመር በጣቷ ሳትነካ፣ ከላዩ ከላዩ ሄደችበት። እናቴ ከሥሩ የራሷን ጻፈች፦ ሴት፣ ጥቅምት 5 አቦ፣ 1960። ከዚያ የታናሽ ወንድሟን። ከዚያ የኔን። ልጄ የራሷን ራሷ ልጻፍ ብላ እርሳሱን ተቀበለች፣ «2010» ላይ 0ዋ ትንሽ ሰፋባት።

አሁን ውስጡ የሷ ነጠላ፣ አራት መጽሐፍና የእማማ ጋቢ ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። ሰሙ የድሮውን ሽታ ሸፍኖታል፣ ልጄ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ከፍታ ታሸታለች። አሪቲ አዲስ አበባ ጥሩው የት ይገኛል?

ከከሚሴ — ጥር 9

አትግዢ። ጓሮዬ ሙሉ ነው፣ እዚሁ ኮተቤ ነኝ። ቅርንጫፉን ቆርጬ እሰጥሻለሁ፣ እርጥብ አፈር ላይ ከሰካሽው ይያዝልሻል። ቅዳሜ ልጅሽን ይዘሽ ነይ።